ዶማ የጨበጡ ንጉሠ ነገሥት

ከእርሻ ልማት ዘጋቢ

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በእንጦጦ ተራራ ምዕራባዊ ትከሻ ላይ የሚገኘው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል 700 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር ሲቋቋም ቦታው በአብዛኛው በነጭ ባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማዕከሉ ዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ባሕር ዛፉን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ ጽድን፣ ወይራን፣ ኮሶንና ሌሎችንም አገር በቀል ዛፎች ወደ ቦታቸው መመለስ ሆኗል። ይህን የሰማ ጎብኚ ባሕር ዛፍን ወደ አገራችን ያስገባው ሰው ምን ነክቶት ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ያስገቡት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ዛፉን ያስገቡትም የኢትዮጵያ ገበሬ ከደረሱበት መከራዎች ሁሉ የከፋው መከራ ካለፈ ጥቂት ዓመታት ብቻ በተቆጠሩበት ወቅት ነበር። ስለ ዓድዋው ምኒልክ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከዓድዋ በፊት በክፉ ቀን ፊት ስለ ቆሙት ምኒልክ ለገጠር ልማት አንባብያን ማውሳት ነው። ዓመታቱ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ አባት በሕመም ሞቱ፤ ልጅየውም ተማርከው ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ የአባታቸውንም ዙፋን ያዙ። በ1870 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተስማምተው የሸዋ ንጉሥነታቸው ታወቀላቸው። ከዚያ በኋላ ከተማቸውን ከአንድ ኮረብታ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ቆይተው እንጦጦ ላይ ሰፈሩ።

እንጦጦ ለጦር አመቺ ነው። ጠላት ከየትም አቅጣጫ ቢመጣ ከሩቁ ይታያል። ለኑሮ ግን አስቸጋሪ ነበር፤ ብርዱና ነፋሱ ኃይለኛ፣ የዝናቡ ወቅት መብረቅ የበዛበት፣ እንጨቱም ቶሎ የሚያልቅ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተራራው በታች በፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ማለታቸው ይታወቃል። ሠራዊቱና ገበያው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲወርድ፣ በዚያው ሰሞን በሰሜን በኩል አንድ የማይታይ ጠላት ወደ አገር እየገባ ነበር።

ክፉ ቀን

የኢጣልያ ጦር ምጽዋን የያዘው በ1877 ዓ.ም. ነው። ለጦሩ ስንቅና ማጓጓዣ ተብሎ በ1879 እና በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ከሕንድ በመርከብ ከመጡ ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ወደብ ላይ ወረደ። ስሙ ደስታ ይባል እንጂ ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ሆኖ ከታመመ ከብት ወደ ጤነኛው በትንፋሽ፣ በልሃጭና በፋንድያ ይተላለፋል። ከብቱ ይተኩሳል፤ ከዐይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ አፉ ይቆስላል፤ ከዚያም በተቅማጥ ተዳክሞ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሞታል። ከዚያ በፊት በሽታውን አይቶት የማያውቀው የኢትዮጵያ ከብት ምንም መከላከያ ኃይል አልነበረውም። ወረርሽኙ ከትግራይ ወደ ቤጌምድርና ወደ ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ሸዋና ወደ ደቡብ ተሻገረ። አሥር ዓመት ሳይሞላው እስከ አፍሪቃ ደቡባዊ ጫፍ ዘልቋል። በኢትዮጵያ ከመቶ ዘጠና የሚሆነው የቀንድ ከብት እንዳለቀ የዘመኑ ጸሐፊዎች ግምታቸውን ትተዋል፤ ጎሽና አጋዘን እንኳ አልተረፉም። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ግን በበሽታው አይያዙም ነበር።

የ1880 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ዝናቡ አጠረ፤ በ1881 ዓ.ም. መባቻ ይጠበቅ የነበረው ምርት ከሸፈ። የተረፈውን አንበጣና ተምች በላው። በተከታዩ ዓመት ዝናብ በዘነበበት አካባቢ እንኳ የሚጠመድ በሬ አልነበረም፤ ዘር የነበረውም ዘሩን በልቶታል። ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ፤ ኮሌራ፣ ፈንጣጣና ተስቦ ተከተሉት። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛው አለቀ የሚለው ግምት በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። በዚያን ዘመን ሕዝብ የቆጠረ ስላልነበረ ቁጥሩን እንደ ግምት መውሰድ ይገባል። መንደሮች ባዶ መሆናቸው፣ እርሻው ዳዋ መልበሱና ጅብ በሰው ላይ መድፈሩ ግን በሁሉም ዘንድ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ለእርሻ ባለሙያ ቁም ነገር የሆነው ጉዳይ አለ። ድርቅ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አንበጣም እንዲሁ። የደጋው ገበሬ ለሁለቱም መላ ነበረው። ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ከወይና ደጋ ማሳው ሌላ በቆላ ቁራሽ መሬት ይይዛል፤ እህል በጎተራና በጉድጓድ ያኖራል፤ ባሰበትም ጊዜ ከብት ሸጦ እህል ይሸምታል። አደጋን በታትኖ መያዝ ብለን በኮሌጅ የተማርነውን ነገር አያቶቻችን ስም ሳያወጡለት ይሠሩበት ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን መላው ሁሉ በመጨረሻ የታሰረው በአንድ ችካል ላይ ነበር፤ እሱም በሬው ነው። በሬው አራሽ ነው፤ አበራይ ነው፤ ላሚቱም ወተትና የነገ ጥጃ ናት፤ እበቱ ማገዶና ማዳበሪያ ነው፤ ሲሸጥ ደግሞ የክፉ ቀን ጥሪት ነው። ችካሉ ሲነቀል ሁሉም አብሮ ሄደ።

ወደ እንጦጦ የጎረፈው ሕዝብ

ንጉሡ ዘንድ እህል አለ የሚለው ወሬ ስለ ተሰማ ከጎጃም፣ ከቤጌምድርና ከወሎ ሳይቀር የተራበ ሕዝብ ወደ እንጦጦ ተመመ። ብዙው መንገድ ላይ ቀረ። ምኒልክ ጎተራቸውን አስከፍተው እህል አከፋፈሉ፤ ለተራቡት መጠለያ አሠርተው ቀለብ እንዲሰጣቸው አደረጉ። ምሕላም እንዲያዝ አዘዙ። ይሁን እንጂ የቤተ መንግሥት ጎተራ የቱን ያህል ቢሞላ ለሸዋ እንኳ አይበቃም ነበር። ሩቅ አገር የተረፈ እህል ቢገኝም የሚያመላልሰው የጭነት ከብት ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ መብላት አለበት። የባቡር ሐዲዱ ውል የተፈረመው ረኃቡ ካለፈ በኋላ በ1886 ዓ.ም. ሲሆን ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው ምኒልክ ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ሥራቸው ግን ከእህል ማደሉ የሚበልጥ ይመስለናል። ምኒልክ ዶማ አንሥተው መሬት ቆፈሩ። መኳንንቱና ወታደሮቹም ንጉሡን አይተው እንዲቆፍሩ ተደረገ፤ በሬ ላለቀበት ገበሬም መቆፈሪያና መጥረቢያ እየተሠራ ታደለ።

ይህን ነገር የዛሬ አንባቢ ቀላል አድርጎ ሊያየው አይገባም። በማረሻ አገር በዶማ መቆፈር የድሀ ድሀ ምልክት ነበር። በሬ የሌለው ሰው ከሰው በታች ሆኖ ይቆጠር ስለ ነበር ብዙው ገበሬ መሬቱ ጦም እያደረ፣ በአጠገቡ ዝናብ እየዘነበ፣ መቆፈርን እንደ ውርደት አይቶ ቁጭ ብሎ ነበር። ዐዋጅ ብቻውን ይህን አያነሣም። ንጉሥ ያደረገውን ነገር ግን ነውር ነው የሚል አይገኝም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ለማድረግ የምንሞክረውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

በሥራው መጠን በኩል ሲታይ ዶማ በሬን አይተካም። ጥማድ የሚባለው አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ሩብ ሄክታር ያህል ነው፤ ያንኑ በእጅ ለመቆፈር ለብዙ ሰው የቀናት ሥራ ነው፤ ቆፋሪው ደግሞ ሆዱ ባዶ ነው። ስለዚህ በዶማ የተገኘው ምርት አገር አልመገበም፤ ቤተሰቡ ዘሩን መልሶ እንዲያገኝና እስከሚቀጥለው ዓመት እንዲደርስ ግን ረድቷል። የጉራጌና የሌላውም ደቡብ ገበሬ እንሰቱን የሚተክለው በእጅ ቆፍሮ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበጃል። እንሰት ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ነው፤ በሬም አይፈልግም። ሆኖም ያለ ከብት እበት አይጠነክርምና እሱም ከበሽታው ጣጣ ፈጽሞ ነጻ ነበር አይባልም።

ምኒልክን ስናወድስ የሌላውን ወገን ጉዳት መሸፈን ተገቢ አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወድቀው፣ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ረኃቡ በከፋበት ሰዓት ነበር። በዚያው ዓመት ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ትግራይ ዘመቱ። በዘመኑ ሠራዊት የሚበላው ከደረሰበት ገበሬ ቤት ስለ ነበር ከደስታ በሽታና ከአንበጣ የተረፈው በወታደር ጠፋ። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ የተካሄደው ዘመቻም ብዙ ሺህ ከብት ተማርኮ ወደ ሸዋ የተነዳበት ነው። በሰሜን የጎደለው በደቡብ ሕዝብ ደምና ንብረት ተሞልቷል። ይህ አደጋን መቋቋም ሳይሆን አደጋውን ወደ ጎረቤት ማሻገር ነው።

ከረኃቡ ማግስት የተደረገው የግብር ለውጥ ግን ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ ገበሬው ከምርቱ አሥራት እንዲያወጣ፣ ወታደሩም ከዚያ እንዲቀለብ ተደነገገ። አሥራት ከምርቱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ምርቱ ሲያንስ ግብሩም ያንሳል። በቤቱ የተመራበት ወታደር ግን ምርት አነሰ ብሎ ትንሽ አይበላም። ደንቡ በየቦታው እኩል አልተፈጸመም፤ ምርት ገማቾችም ከገበሬው አብልጠው መጻፋቸው በኋላ ዘመን የታወቀ እሮሮ ሆኗል። ሐሳቡ ግን ገበሬው የክፉውን ዓመት ሸክም ብቻውን እንዳይሸከም የሚያደርግ ነበር።

ማገዶ ያጣች ከተማ

ረኃቡ ሲያልፍ ሌላ እጥረት መጣ። አዲስ አበባ በየዓመቱ ሕዝቧ እየጨመረ ሲሄድ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ፤ እንጦጦ ራሰ በራ ሆነ። እንጨት ሲያልቅ ከተማውን ነቅሎ ወደ ሌላ ጫካ መሄድ የቆየ ልማድ ነበር። ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ለቤተ መንግሥትነት የተጀመረው ሕንፃ በመጨረሻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሆነው ከተማው ስላልተነሣ ነው።

ከተማው እንዳይነሣ ካደረጉት ምክንያቶች ትልቁ ባሕር ዛፍ ነው። ሞንዶን ቪዳይሌ በሚባሉ ፈረንሳዊ አማካሪ አሳሳቢነት በ1887 ዓ.ም. ገደማ መጥቶ እንደ ተተከለ ይታወቃል። ሕዝቡ መጀመሪያ አልወደደውም፤ ሽታው እንግዳ፣ ምንጭ ያደርቃል የሚልም ስም የወጣለት ነበር። ምኒልክ ችግኙን በርካሽ እንዲታደል አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆንም ፈቀዱ። ከዚያ በኋላ የተከላው ፍጥነት ሌላ ሆነ። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እንጦጦ፣ ጉለሌና ሌላውም ዳርቻ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ አረንጓዴ ለበሰ።

ለገጠሩም ገበሬ ቢሆን ባሕር ዛፍ ትልቅ መድን ሆኖ ቆይቷል። ሰብል በከሸፈበት ዓመት አጣና ቆርጦ የሸጠ ሰው በሬውን ከመሸጥ ይድናል። ይህን ጥቅም የሚክድ ባለሙያ ገበሬ ቤት ያልገባ ነው።

ጣጣው የመጣው ሁሉም በዚያ አንድ ዛፍ ላይ ሲጣል ነው። በምኒልክ የመጨረሻ ዘመን፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ውኃ እየደረቀ ነው በሚል ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጥቶ እንደ ነበር ተጽፏል፤ አልተፈጸመም፤ ሊፈጸምም አይችልም ነበር፤ ከተማው በምን ያበስላል?

ዳገት ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ሥሩ ውኃ አብዝቶ ይስባል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም። ይህ ብቻ አይደለም፤ የረገፈው ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ይወሰዳል። እንጦጦን የሚያውቅ ሁሉ ጀርባቸው ጎብጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያውቃል። የተጠረገው አፈር ራቁቱን ስለሚቀር የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ ይመታዋል፤ ጎርፍ ሆኖም ወደ ከተማው ይወርዳል። ጥፋቱን በሴቶቹ ላይ መጣል ግን አይገባም፤ ማገዶ የሌለው ቤት ሌላ ምርጫ የለውም። ጉለሌ ላይ ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ከቁጥቋጦና ከሣር ጋር ተደራርቦ እንዲበቅል የሚደረገው የዝናቡን ጠብታ በየደረጃው ለመቀበል፣ ውኃውም ወደ አፈር እንዲሰርግ ጊዜ ለመስጠት ነው። አገር በቀሉ ዛፍ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ በአሥር ዓመት አጣና አይሰጥም። ለዚህ ነው ገበሬውን ባሕር ዛፍህን ነቅለህ ጽድ ትከል ማለት ከንቱ የሚሆነው፤ ባሕር ዛፉን ከምንጭና ከእርሻ ማሳ አርቆ፣ ዳገቱንና የውኃ ዳሩን ለአገር በቀሉ ትቶ መትከሉ የተሻለ ነው።

ይህ ነገር የጥንት ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ወደ አዊ እንመልከት። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት በማሳው ተክሎ፣ ከሰል እያከሰለና እየሸጠ ኑሮውን ለውጦ ነበር። የአሲዳማ አፈር ችግርም ቀንሶለት ነበር። ከ2012 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ግን የዋግ በሽታ ዛፉ ላይ ወረደ፤ ማሳውን ሁሉ ለአንድ ዛፍ የሰጠው ሰው ገቢውን በአንድ ጊዜ አጣ። ገብስና ድንች የሚያመርትበት ቁራሽ ያስቀረው ግን ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም።

የመጨረሻ ዓመታት

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ የእርሻ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አገኘ፤ የመጀመሪያው ሹምም ከንቲባ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ በዚያን ጊዜ ባለሙያም ገንዘብም አልነበረውምና ብዙ ሠራ ለማለት አይቻልም። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሕመም እየበረታባቸው ሄዶ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ፤ ቀጥሎም መናገርና መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ምኒልክ ሲሞቱ የደስታ በሽታ ገና ከአገሩ አልወጣም ነበር። ክፉ ቀን ካለፈም በኋላ በየጊዜው እየተመለሰ በሬ ሲጨርስ ኖሯል። እውነተኛው መድኃኒት ክትባት ሆነ። በ1956 ዓ.ም. በደብረ ዘይት የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ለአገሪቱ ከብት ክትባት ማዘጋጀት ጀመረ። ከባዱ ሥራ ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት በረሃ ውስጥ ለሚዘዋወረው አርብቶ አደር ክትባቱን ማድረስ ነበር። በአፋር ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኝቶ ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው መውጋት ሲጀምሩ በሽታው መሸሸጊያ አጣ። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ተበሰረ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ላይ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው።

ምናልባት ተመልሶ ቢነሣ ተብሎ ለአፍሪቃ የተቀመጠው የክትባት መጠባበቂያ የሚጠበቀው ቢሾፍቱ በሚገኘው የአፍሪቃ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ውስጥ ነው። ቦታው ምኒልክ ጎተራቸውን ከከፈቱበት ከእንጦጦ ግርጌ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ነው።